የ72 ዓመቱ ሾፌር፣ የ14 ዓመቷ መኪና

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 72 ዓመቴ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ 45 ዓመት አልፎኛል፤ ሰው ገጭቼ አላውቅም። መኪናዬ 14 ዓመቷ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ነው የምነዳት፤ ለሐኪም ቀጠሮ፣ ለገበያ፣ ትንሿን የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ለማምጣት። ባለፈው ዓመት ግን ሁለት ነገር ገጠመኝ። አንዴ በኋላ ማርሽ ስወጣ የፓርኪንጉን ምሰሶ ነካሁ። አንዴ ደግሞ ጠባብ መንገድ ላይ ሚኒባስ ስፖኪዮዬን ይዞብኝ ሄደ። ሁለቱንም ክሌም አደረግሁ፤ ካሳ ጠየቅሁ ማለት ነው። ዘንድሮ ውሉን ላድስ ብል ዓረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የምከፍለው ገንዘብ) ዘሎ ጠበቀኝ።

ልጄ "አባዬ፣ ለአሮጌ መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ ምን ያደርግልሃል? ሦስተኛ ወገን ይበቃል" ትለኛለች። ወንድሟ "በዚህ ዕድሜህ ሙሉ ካልገባህ እንዳትነዳት" ይላል። የኢንሹራንሱ ወኪል ደግሞ "የመኪናዋን ዋጋ ዝቅ አድርገን እናስገባው፤ ዓረቦኑ ይቀልልዎታል" ብሎኛል። ሐኪም ለዓይኔ ግፊት ጠብታ አዞልኛል፤ ይህንን መናገር አለብኝ? ብናገር አይጨምሩብኝም? ቅዳሜና እሁድ እኔ ስለማልነዳት 22 ዓመት የሞላው ትልቁ የልጅ ልጄ ይወስዳታል፤ ያን ያህል ሩቅ አይሄድም። የምኖረው በጡረታ ነው። ምን ይሻለኛል?

በሁለት ልጆች መሀል የተያዝኩ አባት

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ጉዳዩ ዓረቦን መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ዓይኔ መጨረሻው ላይ ቀረ። "ያን ያህል ሩቅ አይሄድም።" ስለዚህ ልጆችዎ የሚከራከሩበትን ትቼ ከእሱ ልጀምር።

27 ዓመት የካሳ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሠርቻለሁ። የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹ ላይ "በአደጋው ጊዜ ማን ይነዳ ነበር?" የሚል መስመር አለ። ሰው ቅጹን ሲሞላ እጁ የሚቆመው እዚያ ጋ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ታርጋውን ፈጠን ፈጠን አድርጎ ይጽፋል። እዚያ ሲደርስ እስክሪብቶው አየር ላይ ይቀራል። አንድ አባት የልጃቸውን ስም ጽፈው፣ ሰርዘው፣ ከላዩ "እኔ" ብለው የጻፉበትን ቅጽ አልረሳውም። ከሥር ያለው ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ያለውም ያው ስም ነበር። ልጁን ቀድሞ አስመዝግበውት ቢሆን ኖሮ ካሳው በሳምንት ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ለወራት ተመላለሱ፤ በመጨረሻም ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

ከ25 ዓመት በታች የሆነ ወይም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙ ያልቆየ ሾፌር ለመድን ድርጅት ውድ ነው። አንዳንዱ ውል ጭራሽ አይሸፍነውም። አንዳንዱ ይሸፍነዋል፤ ግን ኤክሰሱን ያከብዳል። (ኤክሰስ ማለት በየአደጋው መጀመሪያ ከራስዎ ኪስ የሚወጣው ድርሻ ነው።) አንዳንዱ ደግሞ ስሙ ውሉ ላይ ካልሰፈረ አይከፍልም። ልጁ ሰው ቢገጭስ? በብዙ አገር ሕግ መድን ድርጅቱ ለተጎጂው መክፈሉ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ግን የከፈለውን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። ጡረተኛ ነኝ ማለት አያስጥልም።

ወይ ስሙን ያስጽፉት፤ ወይ ዓርብ ማታ ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱ። ስሙ ሲገባ ዓረቦኑ ስንት እንደሚጨምር ይጠይቁና ልዩነቱን እሱ ይክፈል። ሥራ የለውም ካሉኝ ቤንዚኑን ማን እየሞላለት እንደሆነም ልጠይቅዎት ነው።

አሁን ወደ ዓይንዎ። አዎ፣ ይናገሩ።

ይህ "ተናገር" የሚባለው ሕግ ከመኪና ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1766 ሎርድ ማንስፊልድ የሚባሉ የእንግሊዝ ዳኛ በአንድ የመድን ክርክር ላይ ፍርድ ሰጡ። ጉዳዩ ሱማትራ ደሴት ላይ ያለ ምሽግ ነበር። የምሽጉ ገዥ ፈረንሳዮች ቢይዙት ብሎ መድን ገባ፤ ፈረንሳዮቹም ያዙት። ዳኛው መድን ገቢው እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር መደበቅ የለበትም አሉ። በዚያ ክርክር የረታው ግን ገዥው ራሱ ነው፤ ተደበቀ የተባለው ነገር መድን ሰጪውም ሊያውቀው የሚችል ነበርና። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ለተራ ሰው ላላ ብሏል። እዚያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሕግ ግለሰብ ደንበኛ የተጠየቀውን በጥንቃቄና በእውነት ይመልስ እንጂ ሁሉንም ከራሱ ያውጣ አይልም። በሁሉም አገር ግን እንዲህ አልላላም። ቅጹ ላይ ስለ ጤና የሚጠይቅ መስመር ካለ ደግሞ የትም ቢሆን ማምለጫ የለም።

ይጨምሩብኝ ይሆን ላሉት፣ ሊጨምሩ ይችላሉ። "መንዳት ይችላል" የሚል የሐኪም ወረቀት ይዘው ከሄዱ ግን ነገሩ ይለዝባል። መንጃ ፈቃድ የሚያድሰው መሥሪያ ቤትም እንዲህ ያለውን ሕመም አሳውቁ ሊል ስለሚችል እግረ መንገድዎን ያረጋግጡ። መንጃ ፈቃዱ ከተበላሸ ኢንሹራንሱም አብሮ ይበላሻል።

ሐኪም አይደለሁም፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የዓይን ግፊት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰርቀው የጎን እይታን ነው። ሰውየው አይታወቀውም፤ የአንዱን ዓይን ጉድለት ሌላው ይሞላለታል። ምሰሶውን የነኩት በየትኛው ጎን ነው? ስፖኪዮው የሄደውስ? ሁለቱም በአንድ ጎን ከሆኑ ይህን መጽሔት አጥፈው ያስቀምጡና የዓይን ሐኪምዎን "የእይታ ስፋት ምርመራ ይደረግልኝ" ይበሉ። መኪናዋን እስካልነዷት ድረስ ኢንሹራንሱ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ምንም አይደል።

ልጆችዎ የተጣሉበትን ጥያቄ ከመመለሴ በፊት የራሴን ጉድ ላውራዎት።

በ64 ዓመቴ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ግራ ስታጠፍ ከፊት የመጣ መኪና መታኝ። ጊዜው ምሽት ላይ ነው፤ መብራቱን አይቼው ነበር፤ ፍጥነቱን ግን አልገመትኩትም። (በቀኝ በሚነዳበት አገር የእኛ ዕድሜ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፍጥነት ወድደን ወይም ጠጥተን አይደለም። ሁለት አቅጣጫ ባንዴ መገመት ስለሚከብደን ነው።) ግጭቱ ቀላል ነበር። የመኪናዬ ኮፈን ታጠፈ፤ አንድ ፍሬቻ ረገፈ። የሌላው ሾፌር 30 ያልሞላው ልጅ ነው፤ ልብሱን አራግፎ ወረደ። እኔ ግን ሦስት የጎን አጥንት ተሰበረብኝ። ስድስት ሳምንት በጎኔ መተኛት አልቻልኩም፤ ሳል ሲመጣ ትራስ ደረቴ ላይ እጭን ነበር።

ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረኝ። ኮፈኑን ቀጠቀጡት፣ ቀለም ቀቡት፣ ፍሬቻ ገዙለት። ለአጥንቴ ግን ምንም የለም። 27 ዓመት ሰው ስመክር ኖሬ የሾፌር የአካል ጉዳት ሽፋን አልገባሁም ነበር።

"ሙሉ" የሚለው ቃል ያታልላል ጋሼ። በብዙ ውሎች ሙሉ ማለት የሌላውን ሰው ጉዳትና የራስን መኪና ማለት ነው። የራስዎ አካል ብዙውን ጊዜ በተጨማሪ የሚገዛ ነው። ሦስተኛ ወገን ደግሞ ስሙ እንደሚለው ለሌላው ነው፤ ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ ለእርስዎም ለመኪናዎም አይከፍልም። ወጣትን አቧራ አስነስቶ የሚተው ግጭት እኛን ሆስፒታል ያስገባል። ስለዚህ ለእርስዎ መጀመሪያ የሚገዛው ይህ ነው፦ የሾፌርና የተሳፋሪ የአካል ጉዳት ሽፋን። ስለ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የዕድሜ ጣሪያ አለው ወይ? አንዳንዱ 65 ወይም 70 ላይ ያቆማል፤ ዓረቦኑን ግን ሳያዩ ይቀበሉዎታል። ሁለተኛ፣ የሚከፍለው ለሞትና ለዘላቂ ጉዳት ብቻ ነው ወይስ ለሕክምናም? ለጎን አጥንት የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ትንሿ የልጅ ልጅዎም ከኋላ ስለምትቀመጥ የተሳፋሪውን አይርሱ።

ቀጥሎ ሦስተኛ ወገን። እሱን መግባት ግዴታ ስለሆነ ሰው ሁሉ ዝቅተኛውን ገዝቶ ይወጣል። ከተማ ውስጥ ይህ ስህተት ነው። የእርስዎ መኪና አሮጌ ናት፤ ከፊትዎ የቆመው ግን አሮጌ ላይሆን ይችላል። የአንዳንዱ አዲስ መኪና የፊት መብራት ብቻ የእርስዎን መኪና ግማሽ ዋጋ ያወጣል። ውሉ የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከእርስዎ ነው። ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ገንዘብ ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ለንብረትም ለአካልም ከፍ ያድርጉት።

አሁን መኪናዋ። ቁጥሩ እንዲቀል ዛሬ ገበያ ላይ 100 ታወጣለች እንበል። ሙሉው ከሦስተኛ ወገኑ በዓመት 8 ቢበልጥ፣ ኤክሰሱ ደግሞ 5 ቢሆን፣ መኪናዋ ድምጥማጧ ቢጠፋ እጅዎ የሚገባው 95 ነው። በ5 ዓመት ግን 40 ከፍለዋል፤ መኪናዋም ከ5 ዓመት በኋላ 100 አታወጣም። ለአሮጌ መኪና አዲስ ዕቃ ሲገባ ደግሞ ብዙ ድርጅቶች የእርጅና ተቀናሽ ያነሳሉ። የራስዎን ቁጥር ያስገቡበትና አንድ ጥያቄ ይመልሱ። ነገ ጠዋት መኪናዋ ባትኖር ካጠራቀሙት ሌላ መግዛት፣ ወይም በታክሲ መኖር ይችላሉ? ከቻሉ ልጅዎ ልክ ናት፤ የራስዎን መኪና የግጭት ሽፋን ይተዉት። ካልቻሉ ሙሉውን ይግቡ፤ ግን ኤክሰሱን ራስዎ ጠይቀው ከፍ ያስደርጉት። ዓረቦኑ ይወርዳል። የኤክሰሱን ያህል ገንዘብ ለብቻ ያስቀምጡና አይንኩት።

መሀል ላይ ያለ ሦስተኛ ምርጫም አለ፤ ልጆችዎ አላነሱትም። ሦስተኛ ወገን ከእሳትና ስርቆት ጋር። መኪናዋ ሌሊት የምታድረው መንገድ ዳር ከሆነ ለእርስዎ የሚስማማው ይህ ይመስለኛል። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትሰረቅ ነው ወይስ ስፖኪዮና ጎማ ሲወሰድም ይከፍላል? ሳይፈርሙ ይጠይቁ። ከተማ ውስጥ መኪና ተሰርቆ ከሚያድር ስፖኪዮ ተነቅሎ ማደሩ ይቀናዋል።

ወኪሉ የመከረዎትን ግን አይስሙት። እንዲህ ያለ ምክር ስሰማ ደሜ ይፈላል። 100 የምታወጣውን መኪና በ60 አስገቡ እንበል። 20 የሚያወጣ ጉዳት ደረሰ። 60 ከ20 ይበልጣልና 20 ይከፍሉኛል ይላሉ። አይከፍሉም። ብዙ ውሎች ላይ "መድን የገባኸው ከዋጋዋ 60 በመቶውን ነው፤ የቀረውን 40 በመቶ አንተው ነህ የተሸከምከው" የሚል አንቀጽ አለ። ስለዚህ ከ20ው 12 ይሰጡዎታል። ከዚያ ላይ ኤክሰሱ 5 ይነሳል። ቀረ 7። ወኪሉ ዓረቦኑን ሲያቀልልዎት ይህን ስሌት አላሳየዎትም። ከዋጋዋ በላይ ማስገባትም አይጠቅምም፤ ብትጠፋ የሚሰጡዎት የዕለቱን የገበያ ዋጋ ነው። ውሉን ባደሱ ቁጥር ዋጋዋን እንደ አዲስ ያስገምቱ።

ዓረቦኑ የዘለለው ግን በዕድሜዎ ብቻ አይመስለኝም። ዓመቱን ያለ ክሌም የጨረሰ ሰው ቅናሽ ያገኛል፤ ቅናሹም በየዓመቱ ያድጋል። እርስዎ በአንድ ምሰሶና በአንድ ስፖኪዮ ያንን ሰጧቸው። ሌላ ጊዜ ቅጽ ከመሙላትዎ በፊት መኪናዋን ጋራዥ ይውሰዱና ላሜራና ቀለሙ ስንት እንደሚፈጅ ይጠይቁ። ዋጋው ከኤክሰሱና ከሚያጡት ቅናሽ ድምር ካነሰ ከኪስዎ ይክፈሉ። ሌላ ሰው ያለበት ግጭት ከሆነ ግን ካሳ ባይጠይቁም ያሳውቁ። ያ ሰው ከሦስት ወር በኋላ "አንገቴን አሞኛል" ብሎ ቢመጣ፣ ያላሳወቁት ነገር ጣጣ ያመጣል። ጥፋቱ የሚኒባሱ ከሆነና ታርጋውን ይዘው ቢሆን ደግሞ ስፖኪዮውን የሚከፍለው የእሱ ሦስተኛ ወገን ነበር።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር፦ ከፍ ያለ ሦስተኛ ወገን፣ እሳትና ስርቆት፣ የሾፌርና የተሳፋሪ የአካል ጉዳት፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቀር የማስጎተቻ ሽፋን። የልጅ ልጅዎ ስም ተጽፎ፣ ጠብታውም ተነግሮ። ወንድ ልጅዎ ቢቆጣ የአጥንቱን ሽፋን ያሳዩት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለቤቴ ካረፈ አራት ወር ሆነው። መኪናው በስሙ ነው፤ ኢንሹራንሱም በስሙ ነው፤ ውሉ ለማለቅ አምስት ወር ይቀረዋል። እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ እየነዳሁት ነው። ችግር አለው?

የ66 ዓመት እናት

መልስ፦ እግዜር ያጽናሽ እህቴ። ዛሬ መኪናውን አቁሚው። ኢንሹራንስ የሚዋዋለው ከሰው ጋር ነው፤ ከመኪና ጋር አይደለም። ሰውየው ሲያርፍ ውሉ ምን እንደሚሆን በየአገሩና በየውሉ ይለያያል፤ አንዳንዱ ለአጭር ጊዜ ይታገሳል፤ አንዳንዱ ያበቃል። አራት ወር ሙሉ ያለ ምንም ሽፋን እየነዳሽ ሊሆን ይችላል። የሞት የምስክር ወረቀቱንና የውርስ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂና ውሉን በስምሽ አዙሪ፤ የመኪናው ስም ዝውውር እስኪያልቅ ጊዜያዊ ሽፋን ይሰጡሽ እንደሆነም ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ባለቤትሽ ያለ ክሌም የቆየበት ቅናሽ ካለም ለአንቺ ይተላለፍ እንደሆነ ጠይቂያቸው። አንዳንዶቹ ለትዳር ጓደኛ ያስተላልፋሉ፤ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አያነሳልሽም።

ጥያቄ፦ ሌሊት መንዳት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በወር የምነዳውም በጣም ቀንሷል። ቅናሽ አይገባኝም?

የ69 ዓመት ሾፌር

መልስ፦ ሌሊቱን መተዉ ጥሩ አድርገዋል። 60 ዓመት የሆነው ሰው ዓይን ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ልጅ ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ነው። ድርጅቱ ግን "ሌሊት አልነዳም" ስላሉት ብቻ አይቀንስልዎትም፤ በምን ያምንዎታል? ኪሎ ሜትር ግን ይቆጠራል። የዛሬውን የኪሎ ሜትር ንባብ በስልክዎ ፎቶ ያንሱና በዓመቱ ሌላ ያንሱ። ሁለቱን ይዘው በኪሎ ሜትር የሚሰላ ውል አላቸው ወይ ብለው ይጠይቁ። አንዳንድ ቦታ አነዳድ የሚመዘግብ መሣሪያ መኪናው ላይ ይገጥማሉ፤ ሰዓቱንም ያያል። ግን ድንገት ፍሬን መያዝንም ይመዘግባል። የሚነዱት ሰው ዘሎ በሚገባበት መንገድ ከሆነ በየቀኑ ሲመዘግብብዎት ይውላል። መሣሪያው ቅናሽ ብቻ ነው የሚሰጠው ወይስ ዓረቦን መጨመርም ይችላል? ሳያስገጥሙ በፊት ይህን አስቀድመው ይጠይቁ።